የአጎቴ ጀሪካን

የአጎቴ አጥንት መሳሳቱን መጀመሪያ የደረሰበት ሐኪም ሳይሆን ልብስ ሰፊ ነው። አሰላ ገበያ አጠገብ ሲንጀሩ ላይ አጎንብሶ የሚውል፣ የደንበኞቹን ልክ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ጠርዙ በተበላ ደብተር የያዘ ሰው ነው። ለፋሲካ የሰፋላቸውን ኮት ሲያስለካቸው ከፊት ወርዶ ጉልበታቸው ጋ ደረሰ፤ ከኋላ ደግሞ ተሰቅሎ ቀበቷቸው ታየ። ሰፊው ዞሮ ዞሮ አያቸው። ደብተሩን ገለጠ፤ ሜትሩን አነሳ፤ ለካ፤ እንደገና ለካ። "ጋሼ፣ ኮቱ ልክ ነው። የተለወጠው ጀርባዎ ነው" አላቸው።

አጎቴ ኮቱን ጥለውለት ወጡ። ለአንድ ሰሞን የዚያ ሰፊ እጅ መበላሸቱን ያልሰማ የከተማቸው የሳጉሬ ሰው አልነበረም።

ሌላው ሰው ግን የሚያወራው ስለ ጀርባቸው ሳይሆን ስለ ፊታቸው ነበር። ፊታቸው ሞልቶ፣ ጉንጫቸው ቀላ ብሎ፣ ሆዳቸውም ቀደም ቀደም ማለት ጀምሮ ነበርና "ጡረታ እንዴት ተስማምቷቸዋል!" ይባልላቸዋል። በእኛ ዘንድ ፊት ሲሞላ ፈጣሪ ይመሰገናል እንጂ ማን ምርመራ ያዝዛል? እጃቸው ላይ ትንሽ ነገር ሲነካቸው የሚወጣውን ሰማያዊ ምልክትማ ያየላቸው የለም።

የእኛ አርሲ የእግር ሀገር ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የበቆጂ ልጆች ናቸው፤ ኃይሌ የአሰላ። ስለዚህ ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ስለ ልጆቹ ሳንባና ቅልጥም ነው፤ የሽማግሌዎቹን ጀርባ የጠየቀ እስካሁን አልገጠመኝም። አጎቴ ደግሞ የትራክተር ሰው እንጂ ሯጭ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በእኛ አፍ ካዱ፣ ሲቋቋም ገና ጎረምሳ ናቸው። ስዊድኖቹ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የተዳቀለ ላም ይዘው መጡ፤ አጎቴ ዓይናቸው ያረፈው ትራክተሩ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን መሪ ሲጨብጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የተረፋቸው የጉልበት ቁርጥማት ሆነ። ይህችን የጉልበት ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

በመከር ወቅት ግማሽ ኩንታል ገብስ ጋሪ ላይ ሊያነሱ ጎንበስ ባሉበት ጀርባቸው ውስጥ "ቀጭ" አለ። የጋሪው ፈረስ ሳይቀር ጆሮውን አቀና ይላሉ፤ ፈረሱን የጨመሩት ይመስለኛል። እንደ ደንቡ መጀመሪያ የተጠራው ወጌሻ ነው። ቅቤው ቀለጠ፣ አጎቴ በሆዳቸው ተኙ። ወጌሻው ሁለት ጣቱን አከርካሪያቸው ላይ አሳርፎ ጥቂት ዳበሰና እጁን አነሳ። "ይሄ ውልቃት አይደለም። ካሸሁት አፈርሰዋለሁ። ራጅ አንሷቸው" ብሎ እጁን ታጥቦ ሄደ። በወጌሻ ላይ ብዙ ክፉ ይወራል። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ሪፈር ሲጻፍ አላየሁም።

ራጁ ላይ ሁለት የጀርባ አጥንቶች ከፊት በኩል ተደፍጥጠዋል። ወጣቷ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ ጠየቀቻቸው።

"ወድቀው ነበር?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ወንጂ ሠርተው ያውቃሉ?"

"አልሠራሁም። ስኳሩን ግን በልቻለሁ።"

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሆላንዶች ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ከከፈቱ በኋላ ለዓመታት የጉድጓዱን ውኃ የጠጣ ሠራተኛ ብዙ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበቃል ሲል የዚያ ውኃ ከዚያ እጥፍ ድርብ ነበር። መዘዙን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ አጥንተው ጽፈውታል፤ ጥርሱ የበለዘ፣ አንገቱ አልዞር ያለ፣ ጀርባው እንደታጠፈ የደረቀ ሠራተኛ። በእንዲህ ያለ ሰው ራጅ ላይ አጥንቱ ከልክ በላይ ነጥቶ፣ ጠጥሮ ይታያል። የአጎቴ ተቃራኒው ነው፤ አጥንታቸው ፊልሙ ላይ ጥላ ብቻ ሆኗል።

"እርጅና ነው አይደል?" አልኳት።

"እርጅና ብቻውን እንዲህ አያደርግም" አለች። ሴት ስትሆን የወር አበባ ሲቆም አጥንት ጠባቂው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይደለም። ወንድ ያለ አደጋ ሲሰበር ግን በግማሽ ያህሉ ላይ ከኋላ የተደበቀ ሌላ ነገር ይገኛል። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ማሽን የሚነግረን አጥንቱ መሳሳቱን ነው፤ ለምን እንደሳሳ የሚናገረው ደምና ሽንት ነው። ይህን ብላ መጻፍ ጀመረች፤ ወረቀቱ አልበቃ ብሏት ገለበጠችው። የደም ሴል ቆጠራ፣ ኢኤስአር፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ታይሮይድ፣ ፓራታይሮይድ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኤችአይቪ፣ የወንድ ሆርሞን፣ የደም ፕሮቲን፣ የ24 ሰዓት ሽንት።

አጎቴ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። "የተሰበረው አጥንቴ ነው። ጉበቴ ምን አጠፋ?"

ሐኪሟ ትዕግሥት ነበራት። ቆዳ በፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ እንዲሁ አያገለግልም፤ እንደ ቀበሌ ወረቀት መጀመሪያ ጉበት፣ ቀጥሎ ኩላሊት ዘንድ ሄዶ ማኅተም ማስመታት አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከታመመ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ አካል ደግሞ ካልሲየም ሲያጣ ከአጥንት ይበደራል፤ ብድሩን አይመልስም። ታይሮይድ ሲበዛም አጥንት ይበላል። አጎቴ "እሺ፣ ጉበቴ ይጠየቅ" አሉ።

"አረቄ ይጠጣሉ?"

"እንደ ሰው።"

"ሰው ስንት ይጠጣል?"

የአጎቴ ሚስት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐኪሟ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አላየሁም፤ ከአጎቴ መልስ ይልቅ ሳሉን እንዳመነች ግን ገብቶኛል። ቀጥላ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለች። "መድኃኒት? እኔ? ፈጽሞ!" አሉ፤ ይህችኛዋን ስትጻፍ አይቻለሁ።

ቫይታሚን ዲ የፀሐይ ቫይታሚን ነው ሲባሉ አጎቴ ሳቁ። "ታዲያ ለእኔ ፀሐይ ጠፋ?" ሳቃቸው ተገቢ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለቱሪዝም "የ13 ወር ጸጋ"ን ካወጡልን ጀምሮ ፀሐይ የግላችን ናት ብለን ተቀምጠናል። ደማችን ግን ሌላ ነው የሚመሰክረው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውያንንና የኖርዌያውያንን ደም አስተያይቶ ነበር፤ በቫይታሚን ዲ ያነስነው እኛ ሆነን ተገኘን። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአዳማና በዙሪያዋ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል፤ 42 በመቶዎቹ እጥረት አለባቸው፤ የከተማዎቹ ለብቻ 61.8፣ የገጠሮቹ 21.2 በመቶ። አዳማ ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ናት፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ጋማ! የጭላሎ ተራራ ጉሙን ካወረደበት ከሰኔ አንስቶ አጎቴ ባርኔጣ፣ ካፖርት፣ ከላይ ጋቢ ናቸው። ለፀሐይ የተረፈቻት አፍንጫቸው ብቻ ናት።

የወንድ ሆርሞን ላይ ሲደረስ አጎቴ ሚስታቸውን ከክፍሉ ለማስወጣት ሞከሩ፤ አልወጡም። ይህ ሆርሞን ሲያንስ አጥንትም አብሮ ይሳሳል፤ መለካት ያለበት ግን በጠዋት፣ ከፍ በሚልበት ሰዓት ነው። የላብራቶሪው ቀጠሮ ወረቀት ላይ "8:00–10:00" የሚል ታትሟል። አጎቴ ወረቀት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ስምንት ሰዓት ተባሉ፣ በስምንት ሰዓት ሄዱ፣ ያውም ምሳቸውን በደንብ በልተው። የተቀበላቸው ልጅም ምንም ሳይል ክንዳቸውን አስሮ ቀዳ። ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ። ሐኪሟ "ስንት ሰዓት ነው የተቀዱት?" ስትል ነገሩ ወጣ፤ የታሰበው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ነበር። ሀገሩ ሁሉ ሰዓቱን ከንጋት በሚቆጥርበት ቦታ ማሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ወረቀት ያትማል። ስንቱ ሽማግሌ በፈረንጅ ሰዓት ተቀጥሮ፣ በሐበሻ ሰዓት ተቀድቶ፣ ወንድነት አነሰው ተብሎ ይሆን? የአጎቴ ግን በጠዋትም ሲደገም ዝቅ እንዳለ ነበር። ሚስታቸው ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ከሳላቸው ይብሳል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንምጣ።

የ24 ሰዓት ሽንት የሚያስፈልገው ካልሲየም በሽንት እየፈሰሰ ያልቅ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው፣ የማግስቱን የጠዋት ጨምሮ፣ ጠብታ ሳይቀር ይጠራቀማል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። የላብራቶሪው ዕቃ አልቆ ስለነበር ንጹሕ ባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን ገዝተን እንድንጠቀም ተነገረን። ነጭ ነው፤ ውስጡን ያሳያል፤ ክዳኑ ቀይ።

አጎቴ በንጋት ጀመሩ። ረፋድ ላይ ጡሩንባ ተነፋ፤ የጎረቤት ሰው አርፏል። ሳጉሬ ላይ ከለቅሶ የቀረ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ቀባሪ አያገኝም። ሐኪሟ ደግሞ ጠብታ ሳይቀር ብላለች። አጎቴ ሁለቱንም ማክበር ፈለጉ፤ ጀሪካኑን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር ያዙና ሄዱ።

ድንኳኑ በር ላይ አንዲት የቤቱ ልጅ ፌስታሉን አየች። ሮጣ መጥታ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። "እግዜር ይስጥልን ጋሼ! ምን አስቸገረዎት?" አጎቴ ምን ይበሉ? የዕድራቸው ሰው ሁሉ ተደርድሮ እያያቸው ነው። "ኧረ ምንም አይደል" አሉና ገብተው ተቀመጡ።

እኔ የደረስኩት ከቀብር መልስ ነው። አጎቴ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከሐዘንተኛው ይልቅ ሐዘን የበረታባቸው እሳቸው ናቸው። ጆሮዬን ሳብ አደረጉና "ጓዳ ገብቷል" አሉኝ። ምኑ ጓዳ እንደገባ እስኪገባኝ ጊዜ ፈጀ። ወንድ ልጅ የለቅሶ ቤት ጓዳ ዘው አይልም፤ ሰበብ ፈልጌ፣ ውኃ ጠምቶኝ ነው ብዬ ገባሁ። ንፍሮው ይጨሳል፤ ሴቶቹ ጎመን ይከትፋሉ። የጠላ ጀሪካኖች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ባለ ቀይ ክዳኑ የለም።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጓዳው በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ "ብርዝ ነው" እና "ጠጅ ነው" በሚሉ። የሙያ ጉዳይ ሲሆን የመጨረሻው ቃል የሳቸው የሆነ አንዲት ትልቅ ሴት ክዳኑን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ መልሰው ዘጉ። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ተበላሽቶባቸዋል" አሉ። "እንዳይሰሙ። ባልቴታቸው ደክመዋል መሰለኝ፤ ማሩም የዘንድሮ ማር ነው። ሰው አስቦ ያመጣው ነገር አይነቀፍም።" አንዷን ልጅ ጠርተው ከአጥሩ ጀርባ በዘዴ አስደፉት። በዚህ አላበቁም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ጀሪካኑን አጣጥበው ከደንበኛው ጠላ ሞልተው አስቀመጡት። ማታ ስንወጣ ያችው ልጅ በሁለት እጇ አስረከበችን። ተቀበልናት፤ አመሰገንን። ለላብራቶሪው ብንሰጠው ምን የሚል ውጤት ይጻፍ እንደነበር አሁንም ድረስ ይናፍቀኛል።

ሁለተኛው ዙር ያለ ችግር አለቀ፤ አጎቴ አሞኛል ብለው ከቤት አልወጡም። ሊጠይቃቸው የመጣው ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያጽናናቸው ጀሪካኑ ከአልጋው ሥር ነበር።

ከሁሉም ያስጨነቀን ግን የደም ፕሮቲኑ ነው፤ ኤሌክትሮፎሬሲስ ይሉታል። ሽማግሌ ሰው ጀርባው ሲሰበር ሐኪም በልቡ የሚፈራው መልቲፕል ማየሎማ የሚባለውን የመቅኔ ካንሰር ነው፤ አጥንትን ከውስጥ ይቦረቡራል፣ ደም ያሳንሳል፣ ኢኤስአሩን ያንራል። ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ። ሚስታቸው ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ። አጎቴም በነዚያ ቀናት ቀልድ አቆሙ፤ የእህል ጎተራውን ቁልፍ ለልጃቸው ሰጡ። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቁት ቁልፉን ነው።

እንግዲህ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። ካልሲየም ደህና፣ ኩላሊት ደህና፣ ታይሮይድ ደህና፣ ጉበት ከአረቄው ጋር ተስማምቶ የሚኖር። ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሏል፤ ጀርባ የሚያጥፍ ያህል ግን አይደለም። የወንድ ሆርሞን አንሷል። በሽንት የሚወጣው ካልሲየም በዝቷል። ሐኪሟ ከወረቀቱ ቀና ብላ አጎቴን አየቻቸው፤ ያንን ሰው ሁሉ ያመሰገነላቸውን ፊት። እጃቸውን ገልብጣ ሰማያዊዎቹን ምልክቶች አየች። ከኩላሊት አናት ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶል በዝቶ እንደሆነ ጠርጥራ የጠዋት ደም አዘዘች።

ውጤቱ ሲመጣ ኮርቲሶል በዝቶ አይደለም፤ ከነጭራሹ የለም ለማለት ይቻላል። እኔ ነገሩ ተምታታብኝ፤ እሷ ግን ፈገግ አለች። መልኩ ኮርቲሶል የበዛበት፣ ደሙ ግን ኮርቲሶል የሌለበት ሰው ከውጭ የሚያስገባው ነገር አለ ማለት ነው፤ ምርመራው የማያየው፣ ዕጢዎቹን ግን ሥራ ያስፈታ ነገር።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚውጡት?"

"ነገርኩሽ እኮ፣ መድኃኒት አልወስድም።"

የአጎቴ ሚስት በዚህ ጊዜ አልሳሉም። "ያቺን የጉልበቷንስ?" አሉ።

"እሷማ መድኃኒት አይደለችም! የጉልበት ናት።"

በማግስቱ ከሳጥናቸው ወጣች፤ ትናንሽ ነጭ ኪኒኖች፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ። ዴክሳሜታዞን ናት፣ እንደ ኮርቲሶል የምትሠራ። አንድ ወዳጃቸው ለቁርጥማት ብሎ አስለምዷቸው፣ በገበያ ቀን ያለ ማዘዣ እየገዙ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ከቡና ጋር ሲውጧት ኖረዋል። 0.75 ሚሊግራሟ ከእህቷ ከፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም ጋር እኩል ናት፤ ከዚያ ባነሰ መጠን እንኳ ከሦስት ወር በላይ ከተወሰደ ስለ አጥንት መታሰብ አለበት። ጉልበቱን በእርግጥ ታስታግሳለች፤ ጎን ለጎን ግን አጥንት የሚሠሩትን ሴሎች ታስቆማለች፣ አንጀት ካልሲየም እንዳይቀበል ታደርጋለች፣ ካልሲየሙን በሽንት ታስወጣለች፣ የወንዱን ሆርሞን ታወርዳለች። ከቫይታሚን ዲው በቀር ወረቀቱ ላይ በቀይ የተሰመረበት ሁሉ የአንዲት ኪኒን ሥራ ነበር።

ሚስታቸው ጥቅሉን ወደ እሳቱ ሊወረውሩት ሲሉ ስልክ ደወልን፤ ሐኪሟ ጮኸች። ዕጢዎቹ ለዓመታት ተኝተዋል፤ ኪኒኗ በአንድ ቀን ከተቋረጠች ደም ግፊት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። የሚቀነሰው በወራት፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በሐኪም ዓይን ሥር ነው።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዘዘላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን የምትዋጥ ባለ 70 ሚሊግራም አሌንድሮኔትም ተጨመረች። እሷን በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውጦ፣ ሳይተኙና ሌላ ነገር ሳይቀምሱ ግማሽ ሰዓት መቆየት ግድ ነው፤ ቡናም አይፈቀድም። አጎቴ ከስብራቱ፣ ከጀሪካኑና ከሆርሞኑ ሁሉ ይህኛውን በደል ነው የሚሉት። በዚያች ግማሽ ሰዓት ማንም አያናግራቸውም።

እናንተም ጋ ሳይወድቅ አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ ካለ ምክንያቱ እንዲፈለግለት ጠይቁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከሳጥን፣ ከትራስ ሥር፣ ከኪስ ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ መድኃኒት የተባለውንም ያልተባለውንም፣ ለቅማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ካገኛችሁበት ደግሞ ተናዳችሁ አትጣሉበት፤ እንዴት እንደሚቀነስ የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው።